ጣሊያን አገሩን በአምስት ሲከፍለው

ከገዴራ ነን። አያቶቻችን «በጣሊያን ጊዜ» ሲሉ ሰምታችኋል አይደል? ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ካርታ እናውራ።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በሜይ 5 ቀን 1936 ነው (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ወር ሳይሞላው፣ ጁን 1 ላይ፣ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ በአምስት ግዛት ሸነሸናት። ትግራይ ወደ ኤርትራ፣ ኦጋዴን ወደ ሶማሊያ ሄዱ። ሐረር ለብቻው ሆነ፤ ደቡብ ምዕራቡ ከጅማ፣ ጎጃምና ቤጌምድር ደግሞ ከጎንደር ይገዙ ተባለ። አዲስ አበባ የራሷ ገዢ ተሾመላት። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ያኔ በዚያ በጎንደሩ ግዛት ውስጥ ነበር።

ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በዘርና በሃይማኖት ለያይቶ መግዛት። እንግሊዝም በ1905 ሕንድ ውስጥ ቤንጋልን ለሁለት ከፍላ ነበር። ሕዝቡ የእንግሊዝ ጨርቅ አንገዛም ብሎ አደመ፣ በ1911 ክፍፍሉ ተሻረ።

እኛ ዘንድ ግን ሰው የሸፈተው በካርታው ብቻ አይመስለኝም። ገበሬው ካርታውን መች አየው? እሱ ያየው «ጠመንጃህን አስረክብ» ሲባል ነው። የየካቲት 12ን የአዲስ አበባ ጭፍጨፋም ሰምቷል። በ1937 ክረምት ጎጃምም ላስታም ተነሳ። በላይ ዘለቀ ጎጃም፣ አበበ አረጋይ ሸዋ፤ ሁለቱም ግን የተዋጉት ያንኑ አንድ ጠላት ነው።

አምስቱ ግዛቶች ዕድሜያቸው አጭር ሆነ። የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እዚያው ጎንደር ነው፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1941።