በጉ፣ ቤዛውና ዕዳው

ክርስቲያኖች የጌታቸውን ሞት ከጅምሩ በአንድ ምሳሌ ብቻ አልተናገሩትም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ክርስቶስን የፋሲካ በግ ይለዋል፤ ማርቆስ ስለ ቤዛነቱ ይጽፋል፤ የዕብራውያን መልእክት ደግሞ መሥዋዕትም ሊቀ ካህናትም ያደርገዋል። አንዱ ምሳሌ እስራኤል ከግብፅ ከወጡባት ሌሊት፣ ሌላው ከምርኮኛና ከባሪያ መዋጃ፣ ሦስተኛው ከቤተ መቅደስ የተወሰደ ነው።

በይበልጥ ሥር የሰደደው በጉ ነው። በኦሪት ሕግ የፋሲካው በግ አጥንቱ አይሰበርም፤ ዮሐንስም በስቅለቱ ታሪክ የኢየሱስ ጭን አለመሰበሩን ነጥሎ የሚያነሣው ይህን አስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ70 የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ፈርሶ የእንስሳቱ መሥዋዕት ሲቋረጥ፣ በጉ በክርስቲያኖች ጸሎትና ሥዕል ውስጥ ኖረ።

ቤዛው ግን ከባድ ጥያቄ አስነሣ፤ ዋጋው የተከፈለው ለማን ነው? በ3ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ኦሪገን ለዲያብሎስ ነው አለ። ከእርሱ በኋላ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የክርስቶስ ሥጋ መንጠቆውን እንደሚሸፍን ምግብ ሆኖ ዲያብሎስን አጠመደው ሲል ጻፈ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን አልተቀበለም፤ ለወንበዴ እንዲህ ያለ ዋጋ መክፈል ነውር ነው አለ። ዋጋው ለአብ ተከፈለ እንዳይባልም፣ አብ ይስሐቅን እንኳ አልቀበልም ብሎ በግ የተካ አባት ሳለ፣ በልጁ ደም እንዴት ደስ ይለዋል ሲል ጠየቀ። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ አብርሃም ቢላዋ አንሥቶ፣ በጉም በዕፀ ሳቤቅ ተይዞ የሚያይ ሰው የዚህ ጥያቄ ክብደት ይገባዋል።

ወደ በጉ ስንመለስ፣ በ692 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ክርስቶስ በበግ ሳይሆን በሰው መልክ እንዲሣል ወሰነ፤ ምሳሌው እውነቱን እንዳይጋርድ ሰግቶ ነበር። ምዕራባውያን ግን በጉን አልተዉትም። በ1432 በተፈጸመው የጌንት መሠዊያ ሥዕል በጉ በመሠዊያው ላይ ቆሞ ደሙ ወደ ጽዋ ይፈስሳል።

ወደ ዕዳው ስንመጣ፣ የምዕራቡ ሊቅ አንሴልም በ1098 ግድም የክርስቶስን ሞት ለተነካ የእግዚአብሔር ክብር የቀረበ ካሣ አድርጎ ገለጸው፤ የጌታና የሎሌ ሥርዓት በሰፈነበት ዘመን ይህ በቀላሉ የሚገባ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ሕግ የተማረው የተሐድሶ መሪ ካልቪን በፍርድ ቤት ቋንቋ፣ በደለኛው ሊቀበል የሚገባውን ቅጣት ንጹሑ ተቀበለ አለ።

እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ገበያና ችሎት ወደ መስቀሉ አምጥቷል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ምሳሌው ወደ ሒሳብ ሲለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ አብ ደም ካላየ የማይራራ ጨካኝ ይመስላል። በወንጌሉ መሥዋዕት ሰጪው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ይህን የማያሳይ ምሳሌ የቱንም ያህል ቢያምር መታረም አለበት፤ ለዚህም ነው በጉን፣ ቤዛውንና ሊቀ ካህናቱን አንዱ ሌላውን እንዲያርም አብረን መያዝ የሚገባን።