ሬስ ኮንዲሽን

ፕሮግራመሮች «ሬስ ኮንዲሽን» የሚሉት ውጤቱ ማን ቀድሞ ደረሰ በሚለው የሚወሰን ስህተት ነው። አንድ ቆጣሪ 7 ላይ ነው እንበል። «አንድ ጨምር» የምትለው ትእዛዝ በኮዱ ላይ አንድ መስመር ትሁን እንጂ ለማሽኑ ሦስት ሥራ ናት፦ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) እኩል 7ን ካነበቡ ሁለቱም 8 ብለው ይጽፋሉ፤ 9 መሆን የነበረበት 8 ሆኖ ይቀራል። ክፋቱ፣ ስህተቱ ሲፈልጉት ይጠፋል፤ ፍተሻውን ሁሉ አልፎ ደንበኛ ፊት ብቅ ይላል።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና ማሽን ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከልክ ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ የሞቱም አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ የሶፍትዌሩ ክፍሎች ያለ ጥበቃ የሚጋሯቸው ተለዋዋጮች ነበሩ። እጁ የፈጠነ ኦፕሬተር ያስገባውን ቶሎ ሲያርም፣ ማሽኑ እርማቱን ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

የተለመደው መድኃኒት ቁልፍ ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይገባም። ይሠራል። ግን አንድ ቦታ መቆለፍ ከተረሳ ሁሉም ይበላሻል፤ ቁልፎች ሲበዙ ደግሞ ትሬዶቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ቆመው ሊቀሩ ይችላሉ። እኔን የሚማርከኝ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድኑ ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያዎች የተፈጠረው ኤርላንግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በኤርላንግ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሂደቶች ቆጣሪውን አይጋሩትም፤ አንዱ ይይዘዋል፣ ሌሎቹ «ጨምርልኝ» ብለው መልእክት ይልኩለታል። መልእክት መገልበጥ ጊዜ ይበላል፤ ለስልክ ጥሪ ግን ርካሽ ዋጋ ነው።