ከወንጌል ኅዳግ እስከ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ፤ የቤትና የቦታ ምዝገባ አጭር ታሪክ

በእድር ቤት ሁሉ ነገር የሚጀመረው ከባሕር መዝገቡ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስሙ ያልሰፈረ ሰው ጎረቤት የቱንም ያህል ቢወደው መዝገቡ አያውቀውም። ቤትና ቦታም እንዲሁ ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሐዘንተኛው ተሸኝቶ፣ ልጆች ሣጥን ከፍተው ወረቀት መፈለግ ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ አይተናል። ካርታው በአያት ስም ይገኛል፤ ወይም ደግሞ ያለው በሦስት ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ውል ብቻ ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹም አርፈዋል። ታዲያ ይህ ምዝገባ የሚባለው ነገር ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ባጭሩ ብናወሳ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ምዝገባ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሥታት ለአድባራት መሬት ሲሰጡ ስጦታው በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። በጎንደር ዘመንም ሰው ከሰው መሬት ሲገዛ ሽያጩ ከምስክሮቹ ስም ጋር በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይገባ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ጸሐፊው እዚያ አለ፤ መጽሐፉ ይጠበቃል፤ ወንጌል ላይ የሰፈረውን ለመፋቅ ደግሞ ማንም ቢሆን እጁ ይፈራል። ምስክር ይሞታል፣ መጽሐፉ ግን ይቆያል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታ የሚገኘው በስጦታ ነበር። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተመሩ፣ ወታደሩና ሎሌው በዙሪያቸው ሰፈረ። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉ ስሞች ይህን ያስታውሱናል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የከተማይቱን ቦታ የሚመለከት ደንብ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የከተማ ቦታ በግል የሚያዝ፣ የሚሸጥና የሚወረስ ሀብት ሆነ፤ የሚሸጥ ሀብት ደግሞ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ይፈልጋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ጠበቅ አደረገው። በቁጥር 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። በቁጥር 1185 ደግሞ የእንዲህ ያለው ንብረት ባለሀብትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው አለ። ይሁን እንጂ ያንኑ መዝገብ የሚያቋቁመው ክፍል በቁጥር 3363 መሠረት፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ታግዶ እንዲቆይ ተደረገ። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘመን በዘመን ላይ ተደረበ። ክፍተቱን የሸፈነው የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሕጉም በቁጥር 1195 ደብተር የተሰጠው ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ እንዲገመት ፈቅዷል። ልብ በሉ፣ ግምት ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በቁጥር 1196 መሠረት ማስረጃ ያለው ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።

ቀጥሎ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ለባለቤቱ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት፤ ለአዲስ መኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ በየሣጥኑ ያለው ደብተር ፊደሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ቀድሞ መሬቱንም ቤቱንም ይናገር የነበረው፣ ከዚያ ወዲህ የሚናገረው ቤቱንና የቦታውን ይዞታ ብቻ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለውን አጸና። በ1952 ዓ.ም. ተጀምሮ የተንጠለጠለው የመዝገብ ነገር ራሱን የቻለ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ያገኘው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም አዋጅ ቁጥር 818 ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከ50 ዓመት በላይ ነው።

በዚህ መካከል ለሚስቶችና ለባሎች የሚጠቅም አንድ ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግሌ ነው የሚለው እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ካርታው በሟች ባል ስም ነው ተብላ፣ ድርሻ የለሽም የምትባል መበለት ካለች፣ ዝም እንዳትል እንነግራታለን።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀትና መዝገብ ላይ ያለ ስም አንድ አይደሉም። ወረቀት ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ዐይጥ ይበላዋል። መዝገቡ ግን የቤቱን ባለይዞታ ብቻ ሳይሆን ያለበትን የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ ጭምር ያሳያል። ቤት የሚገዛ ሰው ከግቢው አጥር በፊት መዝገቡን ይመልከት። የወረሰ ደግሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ስሙን ያዛውር፤ ነገ ዛሬ እያለ አያቆየው። አንድ ትውልድ ሲዘገይ ወራሹ አንድ ነው፤ ሁለት ትውልድ ሲዘገይ የአጎትና የአክስት ልጆች ይጨመራሉ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከቤቱ ዋጋ ይበልጣል። በአንድ ድንኳን አብረው ያለቀሱ ወንድማማቾች በችሎት እንዳይተያዩ፣ እያንዳንዳችን በሕይወት ሳለን መዝገባችንን እንይ።