ሲናር በገብስ ውስጥ፤ ስለ አንድ የእህል መርዝ ታሪክ

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በአማኑኤል አካባቢ፣ በእህል በረንዳ ገብስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይዘረጋል፤ ገለባውንም እፍ ብሎ ካበነነ በኋላ ፍሬውን ይመረምራል። የሚፈልገው ጠጠር ብቻ አይደለም፤ እንክርዳድና ሲናር ምን ያህል እንደተቀላቀለበትም ያያል። ልማዱ ዋጋ ለማስቀነስ የሚደረግ የገበያ ብልሃት ቢመስልም፣ ከበስተኋላው የጤና ታሪክ አለበት።

ሲናርን ተራ አረም ብሎ ማለፍ አይገባም። ሊቃውንት አቬና አቢሲኒካ የሚሉት ይህ የኢትዮጵያ ሲናር እንደ ዱር ዘመዶቹ ፍሬውን በማሳ ላይ አያራግፍም፤ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ከገብሱ ጋር ተወቅቶ፣ በሚመጣው ዓመት ከገብሱ ጋር ይዘራል። ገበሬውም አጥብቆ አይነቅለውም፤ ለእንጀራም ለጠላም ተቀላቅሎ ይገባልና። በ1927 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ አጃ መጀመሪያ በሌላ እህል ውስጥ በአረምነት ኖሮ ኋላ ራሱን የቻለ አዝመራ ሆነ ሲል አስተምሯል። ሲናር በዚያ መንገድ እኩሌታ ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የገብስ ባልንጀራ ግን አልፎ አልፎ ኤርጎት የሚባለውን ፈንገስ ተሸክሞ ይመጣል። ፈንገሱ የሣር ወገን ሲያብብ በአበባው ገብቶ በፍሬው ፈንታ ጥቁር፣ ቀንድ መሰል ነገር ያበቅላል፤ ፈረንሳዊው ቱላን በ1853 የአኗኗሩን ዑደት ገልጾ ጽፏል። መርዙ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ደም ወደ እጅና ወደ እግር ጫፍ መድረስ ይሳነዋል፤ ሥጋውም ጠቁሮና ደርቆ ይወድቃል። አውሮፓ በመካከለኛው ዘመን ይህን ደዌ ያገኘችው ሬይ ከሚባለው እህል ሲሆን፣ የቅዱስ እንጦንስ እሳት ብላ ጠራችው፤ ሕሙማኑን ያስታምሙ የነበሩት በእርሱ ስም የተቋቋመው ማኅበር ወንድሞች ነበሩና። የእንክርዳድ አስካሪነትም ቢሆን በፍሬው ውስጥ ተሰውሮ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ይያያዛል፤ ይህኛው በውጭ ምንም ምልክት አያሳይም።

ከ1977 እስከ 1978 በወሎ የአየሩ ጠባይ ለሲናሩ ተስማምቶት ከገብሱ በረታ፤ ሲናሩም በኤርጎት ተይዞ ነበር። ያን እህል የበሉ ሰዎች እግራቸው እየሞተ ብዙዎች አለቁ። በ2001 ደግሞ ደዌው በአርሲ ታየ፤ ከዚያ የመጣ ገብስም ሲመረመር የኤርጎት መርዝ ተገኘበት።

አበጥሮ፣ አንገዋሎ፣ በእጅ ለቅሞ እህልን ማጥራት በየቤቱ የታወቀ የሴቶች ሙያ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን በባላገሩ አለማወቅ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የመርካቶ ገዢ ያልወደደውን ጆንያ ትቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የወሎ ገበሬ የነበረው ግን የገዛ ማሳው ምርት ብቻ ነው፤ የዚያ ዓመት እህሉ አብዛኛው ሲናር ከሆነ ሲናሩን ሁሉ ከሰፌዱ አውጥቶ ቢጥል ለልጆቹ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነበር። እህሉ አንዴ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ጥቁሩን ፍሬ ከዱቄቱ የሚለይ ዓይን የለም።