የአሮጌ መኪና መብራትና የማሳው ነገር

የአሮጌ መኪና መብራት በደከመ ጊዜ አስቀድሞ የሚወቀሰው አምፖሉ ነው። አምፖሉ ይለወጣል፤ ድካሙ ግን አይለቅም። ከዚያም ባለመኪናው ኃይለኛ አምፖል ይተክላል፤ ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ንብረቱ በሙሉ የእሳት ሲሳይ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የብዙው ብልሽት ምንጭ ያለው መኪናው በተሠራበት ዘመን ሥርዓት ውስጥ መሆኑን ለሙያ ባልደረቦቻችን ማስታወስ ነው።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አድርሷል። በዚያ ዘመን የመኪና መብራት የሚነደው በዘይት ወይም ካርባይድና ውሃ ሲገናኙ በሚፈጠረው አሲቲሊን ጋዝ ነበር። ብልሽቱም በዓይን ይታይ ነበር፤ ውሃው ያልቃል፣ ጐማው ይቀደዳል፣ መስተዋቱ በጥላሸት ይጠቁራል። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1912 የኤሌክትሪክ መብራትን ከኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻ ጋር አሟልቶ ካቀረበ በኋላ ግን አዲሱ ሥርዓት በየፋብሪካው ተስፋፋ። ፋብሪካዎቹም ሽቦ ለመቆጠብ የመኪናውን ብረት የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ አደረጉት። ጣሊያኖች ይህን መመለሻ «ማሳ» አሉት፤ የእኛም መካኒኮች ቃሉን ከእነርሱ ተቀበሉ። ከገበሬው ማሳ ጋር በድምፅ ቢገጥምም ዘሩ ሌላ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመንገዱ ግማሽ ከዓይን ተሰወረ።

ዳንግላ ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል በሚመጣው ዋና መንገድ ላይ፣ ባሕር ዳር ለመድረስ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አካባቢ የመረመሩት በበቅሎ እየተጓዙ ነበር። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ የጣሊያን ካሚዮኖች ተከተሉ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን መኪኖች በአገሪቱ በረከቱ። እያንዳንዱም የየአገሩን የኤሌክትሪክ ደንብ ይዞ መጣ።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የቀረበው ላንድሮቨር፣ በጦርነቱ ምክንያት የብረት እጥረት ስለነበረ፣ ሻሲው ከብረት፣ አብዛኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ሁለቱ ማዕድናት በሚገናኙበት ቦታ ውሃ ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ማሳውም ይደክማል። ክረምቱ በሚጠናባት በዳንግላና በመሰል ደጋዎች ይህ ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በተጨማሪም እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት ላንድሮቨሮች በአብዛኛው ማሳቸው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። አምፖል በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚበራ ባትሪውን ገልብጦ ያሰረ ሰው ስህተቱን አያውቅም፤ ሬዲዮው ሲቃጠል ግን ይገባዋል።

ሁለተኛው ቮልስዋገን ነው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የሚሠሩት በ6 ቮልት ነበር። አንድ የ45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ሲሠራ 3.75 አምፔር፣ በ6 ቮልት ሲሠራ ግን 7.5 አምፔር ይስባል። እንግዲህ በአንድ የዛገ መገናኛ ላይ የ0.1 ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ በ12 ቮልቱ የሚባክነው 0.4 ቮልት ያህል ሲሆን ብርሃኑ የሚቀንሰው በአንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ በ6 ቮልቱ ግን 0.7 ቮልት ያህል ባክኖ የብርሃኑ ሲሶ ይጠፋል። ጫፉ የዛገ አንድ ፊውዝ ብቻ ይህን ለማድረስ ይበቃል።

ስለዚህ ምርመራው ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። በመጀመሪያ የመኪናው ቮልትና የማሳው ወገን ይታወቅ። ቀጥሎ ሁሉም መብራት ደክሞ እንደሆነ ባትሪውና ዲናሞው፣ አንዱ ብቻ ደክሞ እንደሆነ የእርሱ መስመር ይታይ። ከባትሪው የማሳ ወገን እስከ መብራቱ አካል አንድ ጊዜያዊ ሽቦ ይዘርጋ፤ ብርሃኑ ወዲያው ከጐላ ጥፋቱ የማሳው ነው። ፍሬቻው ሲሠራ የኋላው መብራት አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ የራሱን መመለሻ አጥቶ በጎረቤት አምፖል በኩል እየተመለሰ መሆኑን ያመለክታል። ልኬቱም መብራቱ በርቶ ሳለ ይወሰድ፤ መብራቱ ጠፍቶ ሲለካ የዛገ መገናኛ እንኳ ሙሉ ቮልት ያሳያልና።

ይህ ዕውቀት ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ቆይቷል። የዛሬው ወጣት መካኒክ መኪናውን በኮምፒዩተር መጠየቅ ለምዷል፤ አሮጌው መኪና ግን ለኮምፒዩተር የሚሰጠው መልስ የለውም። ስለሆነም አሮጌ መኪና የሚጠግን ባልደረባ ሁሉ ቮልቱን፣ የማሳውን ወገንና የለወጠውን ሽቦ በወረቀት ጽፎ ከመኪናው ጋር ቢያኖር፣ ተከታዩን ከድካም፣ በሌሊት የሚጓዘውንም ከአደጋ ይጠብቃል።