ልማድና ኑሮ በባሌ ደጋ

የታሪክ ጸሐፊዎች ትኩረት ለረጅም ጊዜ በዘውድ፣ በጦርነትና በውል ላይ ተወስኖ ቆይቷል። የነገሥታቱ ዘመን ተቆጥሯል፤ የጦር ሜዳዎቹ ስም ተመዝግቧል። የሰፊው ሕዝብ ውሎ ግን፣ ይኸውም እረኛው ከብቱን ወዴት ይነዳ እንደ ነበረ፣ እማወራዋ የወተት ዕቃዋን በምን ታጥን እንደ ነበረ፣ ገበሬው መቼ ዘርቶ መቼ ያጭድ እንደ ነበረ፣ እንደ ተራ ነገር ታልፏል። ይሁንና የአንድ ኅብረተሰብ ጠባይ በአብዛኛው የሚቀረጸው በየዕለቱ በሚደጋገመው ጥቃቅን ተግባር ነው። የባሌ ደጋ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ከሮቤ ወደ ጎባ፣ ከጎባም ወደ ዴሎ መና የሚጓዝ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ የተለያዩ የአየር ንብረቶችን ያቋርጣል። በሮቤ ዙሪያ የሲናና የስንዴና የገብስ ሜዳ ተንጣልሎ ይታያል። ጎባን አለፍ ሲሉ ጽድና ኮሶ፣ ቀጥሎም አስታ ይመጣል። ከዚያ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጅብራ የበቀለበት የሰነቴ አምባ ተዘርግቷል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም የሚገኘው በዚሁ አምባ ላይ ነው። ከአምባው ደቡባዊ ጠርዝ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና የዱር ቡና ከሚበቅልበት፣ የንብ ቀፎም በዛፍ ላይ ከሚሰቀልበት ከሐረና ደን ይገባል። እህል፣ ግጦሽ፣ ማርና ቡና በአንድ ተራራ ላይ ተደራርበው በመገኘታቸው የነዋሪው ኑሮ ከመውጣትና ከመውረድ ጋር የተሳሰረ ሆነ።

ከዚህ መልክዓ ምድር የተወለደው ዋናው ልማድ በኦሮምኛ ጎዳንቱ የሚባለው የከብት ዝውውር ነው። ሰብል በማሳ ላይ ባለበት ወቅት ከብቱ አዝመራውን እንዳያጠፋ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣል፤ እህሉ ሲሰበሰብ የታጨደውን ማሳ ሊግጥ ይመለሳል። ከቆላው ወገን ያለው ከብት ደግሞ በበጋ ጥላና ቅጠል ፍለጋ ወደ ሐረና ደን ይነዳል። በመካከሉም ከብቱ ማዕድን ወዳለበት ምንጭ፣ ወደ ሆራ፣ ይወሰዳል። በአውሮፓ የአልፕስና የፒሬኔ ተራሮች የሚኖሩ እረኞችም ለዘመናት በክረምትና በበጋ እየተፈራረቁ መንጋቸውን ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረዋል። ተራራ በየትም አገር ለእረኛ የሚያቀርበው ጥያቄ ተመሳሳይ በመሆኑ መልሱም ተቀራራቢ ሆኗል።

ልማድ እንግዲህ በመደጋገም የጸና መልስ ነው። መልሱ ከጸና በኋላ ግን በተራው ሰውን ይቀርጻል። ከብት የሚነዳው ልጅ ደመናን፣ ሣርንና የውኃን ጣዕም መለየት የሚማረው በመንገድ ላይ ነው። ግጦሹና ሆራው የጋራ ስለሆነ መተማመን፣ ተራ መጠበቅና የሽማግሌን ቃል ማክበር ግዴታ ይሆናል። በቤት ውስጥም ይኸው ይታያል። ቡና ቀላ በሚባለው ሥርዓት የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፤ በአንድነት ይመረቅበታል። ቀላ ማለት እርድ ማለት ነው፤ ፍሬው እንደ መሥዋዕት ይታያል። የደኑ ቡናና የግጦሹ ቅቤ በአንድ ምጣድ ላይ የሚገናኙበት ይህ ሥርዓት የደጋውንና የቆላውን ትስስር በምድጃ ዳር ያስታውሳል።

የመንግሥት መዝገብ ይህን ልማድ ለማንበብ ብዙ አልጣረም። አካባቢው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ መሬት እየተለካ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ በደረጃ ተመደበ። በልኬታው ቋንቋ ጠፍ የተባለው መሬት በእረኛው ልማድ ግን የዓመቱ እኩሌታ ኑሮ ሊሆን ይችል ነበር። የመሬት መነጠቅና የግብር ክብደት ከአስተዳደር በደልና ከሃይማኖት ጭቆና ጋር ተደምሮ፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየውንና ዋቆ ጉቱ ከታወቁት መሪዎቹ አንዱ የነበሩበትን የባሌን አመፅ አስነሣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛን ከባለርስት ቀንበር አላቀቀ። ነገር ግን የባለቤትነት ለውጥ ብቻውን የእረኛውን የጉዞ ካርታ በመዝገብ ላይ አላሰፈረም።

ይህ በመንደር ምሥረታው ጊዜ በጉልህ ታየ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከተካሄደው የሶማሊያ ወረራ ማግሥት ባሌ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ በስፋት ከተፈጸመባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ሆነ። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በመስመር በተሠሩ ቤቶች ተሰበሰበ። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማቅረብ ይመቻል የሚል ምክንያት ከጸጥታው ምክንያት ጎን ቀርቦ ነበር። ሆኖም ቤቱ ሲዛወር ማሳውና ግጦሹ በቦታቸው ቀሩ፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ከብቱም ወደ ሣሩ የሚሄድበት መንገድ ረዘመ። ጥያቄው ሳይለወጥ መልሱ ፈረሰ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ብዙ ገበሬ መንደሩን ትቶ ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሲናና ሜዳ ደግሞ የተቃራኒው ታሪክ ተፈጸመ። የመንግሥት እርሻዎች፣ ትራክተርና ኮምባይነር ከገቡ በኋላ በማጭድ፣ በውድማና በደቦ ቀናት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታት ተጠናቀቀ። ምርቱ ጨመረ፤ የውድማው ዘፈንና የደቦው ግብዣ ግን እየሳሳ ሄደ። ስንዴን በስንዴ ላይ፣ በበልግም በመኸርም መዝራት አዲሱ ልማድ ሆነ። ማሳው ከስንዴ ባዶ የማይሆን ከሆነ የዋግ በሽታም ከአንዱ አዝመራ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ድልድይ ያገኛል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቢጫ ዋግ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ ያጠቃው ግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ገበሬ ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሱ። አዲስ ልማድም እንደ አሮጌው ሁሉ ምርመራ እንደሚያሻው ይህ ያመለክታል።

ውሻ የማቆየት ልማድ ሌላው ምሳሌ ነው። ጅብ ለሚያሰጋው እረኛ ውሻ የሌሊት ጠባቂ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በእነዚሁ ተራሮች ነው፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም በ1984 ዓ.ም. ገደማና በ1996 ዓ.ም. ብዙ ቀበሮዎችን ጨረሰ። መፍትሔው የተገኘው እረኛውን ውሻ አልባ በማድረግ አልነበረም፤ ውሾቹንና ቀበሮዎቹን ወደ መከተብ ተሄደ። የልማዱ ምክንያት ታወቀ፤ ጉዳቱ ብቻ ተለይቶ ተወጋ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በክልሉ ውስጥ ግጦሽ፣ ሰፈራና ጥበቃ የሚጋፉበት ጉዳይ ግን ገና እልባት የሚጠብቅ ነው። ለወቅት ብቻ ይወጣ የነበረው እረኛ በአምባው ላይ ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ሲጀምር ሣሩ ማገገሚያ ጊዜ ያጣል፤ ጎዳንቱ ሲከበር የነበረው ዕረፍት ይቀራል። ስለዚህ አሮጌ የተባለው ልማድ ለአምባው ጥበቃ የሚያገለግል ዕውቀት በውስጡ ይዟል።

ሕዝብን ለልማት የሚያደራጀው ካድሬ፣ በክፍል ቆሞ የሚያስተምረው መምህር፣ ኑሮን በሥዕልና በቃል የሚቀርጸው የኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ቁም ነገር ግልጽ ነው። አንድን ልማድ ኋላ ቀር ወይም ቅዱስ ብሎ ከመሰየም በፊት የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው ከቀረ ልማዱን መለወጥ ይቻላል፤ ጥያቄው ካለ ግን የተሻለ መልስ ሳይዙ የቀደመውን ማፍረስ ገበሬውን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው።