የዘገየው ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ላስቲክ አጭር ታሪክ



ዛሬ የማወራችሁ 120 ዓመት ያህል ስለዘገየ አንድ ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1880 ሁለት ግኝቶች ጎን ለጎን ተወለዱ። ፈረንሳይ ውስጥ ፒየር ኩሪና ታላቅ ወንድሙ ዣክ፣ እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚፈጠር አስታወቁ። በዚያው ዓመት በጀርመን በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ሮንትገን፣ ክብደት የተንጠለጠለበት የላስቲክ ጥብጣብ ቻርጅ ሲደረግ እንደሚረዝም ዘገበ። ዓለም ሮንትገንን የሚያውቀው በ1895 ባገኘው ኤክስሬይ ነው፤ ላስቲኩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ኩሪዎች ከእንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ሄዱ፤ ሮንትገን ከኤሌክትሪክ ወደ እንቅስቃሴ። የክሪስታሉን ግልባጭ ገብርኤል ሊፕማን በ1881 በስሌት ተነበየ፤ ወንድማማቾቹም በዚያው ዓመት በሙከራ አረጋገጡ። የላስቲኩ ግልባጭ፣ ማለትም ለስላሳ ፖሊመርን ለጥጦ ኤሌክትሪክ ማግኘት፣ በስፋት መጠናት የጀመረው ግን ወደ 21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው።

ስለ ምክንያቱ ስጠየቅ ለብዙ ጊዜ የምሰጠው መልስ «የሚመጥን ቁስ ስላልነበረ» የሚል ነበር። ዛሬ ይህን መልሴን ላርም እወዳለሁ፤ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነውና። እርግጥ፣ በካሊፎርኒያ የኤስ.አር.አይ ኢንተርናሽናል ተመራማሪዎች አክሪሊክ ፖሊመር በኤሌክትሪክ ከ100 በመቶ በላይ ሊለጠጥ እንደሚችል ያሳዩት በ2000 ነው። ቀጭን ፖሊመርና አብሮት የሚለጠጥ አስተላላፊ ቅብ በሮንትገን ዘመን አልነበሩም።

ሁለተኛው ግማሽ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ኳርትዝ ሲጨመቅ ቻርጁን ከራሱ አወቃቀር ያወጣል። ላስቲክ ግን ካልዘሩበት አይታጨድበትም። በመጀመሪያ ይለጠጣል፤ ሰፍቶና ሳስቶ ሳለ በሁለቱ ገጾቹ ላይ ቻርጅ ይሰጠዋል። ሲለቀቅ ይወፍራል፣ ስፋቱም ይጠባል፤ ተቃራኒ ቻርጆች ይራራቃሉ፣ ተመሳሳዮቹ ይጠጋጋሉ። ይህ የሚሆነው ከቻርጆቹ ፍላጎት ውጭ፣ በላስቲኩ የመሰብሰብ ጉልበት ስለሆነ ቮልቴጁ ይጨምራል። ትርፉ የሚመነጨው ላስቲኩን ከለጠጠው እግር ወይም ሞገድ ነው።

ይሁንና በትንሽ ቻርጅ ጀምሮ በእንቅስቃሴ የማባዛት ሐሳብ ለዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ሆልትዝና ቶፕለር በ1860ዎቹ የሠሯቸው የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማሽኖች በዚሁ መርሕ ይሠሩ ነበር። መርሑም ላስቲኩም በአንድ ዘመን ነበሩ፤ ሁለቱን ያገናኘ ጥያቄ ግን ጎደለ።

ጥያቄው ሲመጣ ሥራው ፈጠነ። የኤስ.አር.አይ ተመራማሪዎች በጫማ ተረከዝ ሥር ያስገቡት ማመንጫ በአንድ እርምጃ 0.8 ጁል ያህል ሰጠ። በሰከንድ ሁለት እርምጃ ለሚራመድ ሰው ይህ ከሁለቱ እግሮች 1.6 ዋት ገደማ ነው። በ2007 ደግሞ በፍሎሪዳ ታምፓ ቤይ በሞገድ የሚንቀሳቀስ ተንሳፋፊ ማመንጫ ተሞከረ።

ታዲያ ዛሬ ጫማችን ስልካችንን የማይሞላው ለምንድን ነው? ስስ ፖሊመር ብዙ ሺህ ቮልት ተሸክሞ ሚሊዮን ጊዜ መለጠጥ ይኖርበታል፤ አንዲት ደካማ ነጥብ ካለችው በዚያች ይበሳል። የዛሬው ትግል የዕድሜ ትግል ነው።

ለተማሪዎቼ የማስተላልፈው ይህን ነው፦ መሣሪያ ሲጎድል ጉድለቱ ይታያል፤ ጥያቄ ሲጎድል ግን የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም። ስለዚህ ማንኛውንም ግኝት ስታነቡ ገልብጣችሁም አንብቡት።